አሮጌዋን ስልክ ያጸዳሁ ዕለት

የየትኛው ኩባንያ ስልክ እንደሚበልጥ ማወቅ የፈለገ ሰው እኔን መጠየቅ ይበቃው ነበር። «ነበር» ያልኩት ዛሬ ስለማልመልስ ነው። ያኔ ግን ጠያቂም አልጠብቅም። ኦስሎ ውስጥ በተከራየናት ቤተ ክርስቲያን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምድር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሻይና ዳቦ ሲታደል፣ ወንዶቹ አንድ ጥግ ይዘን የምንሟገተው ስለ ስልክ ነው። ፖለቲካ እንዳናነሣ ቄሱ ገሥጸውናል፤ በፖለቲካ ምክንያት ሁለት ጊዜ ለጠብ ወንበር ተነሥቷል። እኛም በሆዳችን ያለውን ሁሉ ወደ ስልክ አዞርነው። የአሜሪካኑ ኩባንያ ወገን አለ፤ የኮሪያው ወገን አለ። የቻይናውን የያዙት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱን ሁለታችንም ወገኖች ተባብረን እናበሽቃቸዋለን።

እኔ የአሜሪካኑ ወገን ነበርኩ። የኮሪያው ወገን አውራ ደግሞ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ረጅም፣ ድምፀ ወፍራም፣ ሲከራከር ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ የሚያስተኛ ሰው።

«የኔ ባትሪ ሁለት ቀን ይቆያል» ይለኛል። «ያንተ እስከ ምሳ ሰዓት ይደርሳል?»

«የኔ አምስት ዓመት ያገለግለኛል፤ ያንተ ሁለተኛ ክረምት ያያል?» እለዋለሁ።

እሱ የሚታጠፈውን አዲሱን ስልክ ያወድሳል፤ እኔ የሚታጠፍ ነገር ሁሉ አንድ ቀን ይሰበራል እላለሁ። እኔ ካሜራውን አነሣለሁ፤ እሱ ቻርጀሩን ከካርቶኑ ውስጥ ያስቀረው መጀመሪያ ማን እንደሆነ ይጠይቀኛል። አሁን ደግሞ ስልኩ ራሱ እያሰበ መልእክት ይጽፋል ሲባል ሁለታችንም አንድ ሳምንት ሙሉ ተሟገትን። ከሁለታችን አንዳችንም ለማንም ረጅም መልእክት ጽፈን አናውቅም።

እርግጠኛነቴ የመጣው ከሥራዬ ነው። ሴንትሩም፣ መሐል ከተማው ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ ሕንፃ፣ ስድስት ፎቅ ቢሮ አጸዳለሁ። ሰው ስለ ዕቃ በአፉ የሚለውና በእጁ የሚያደርገው ለየቅል ነው፤ በእጁ የሚያደርገውን የሚያየው ደግሞ ቆሻሻ የሚደፋው ነው። ኖርዌጂያኖቹ የትኛውን ካርቶን ከቅርጫት እንደሚጥሉ፣ የትኛውን ሰዓት ለሁለት ሳምንት አስረው መሳቢያ ውስጥ እንደሚረሱት አውቃለሁ። አለቆቹ የአሜሪካኑን ይይዛሉ። ለእኔ ማስረጃ ይኸው ነበር፤ አለቃ የያዘው ነገር መጥፎ ሊሆን አይችልም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እውነቱን ካልተናገርኩ መጻፉም ዋጋ የለውም። ባለፈው ዓመት ኃላፊያችን ወለል የምትጠርግ ክብ ሮቦት አመጣ። ሦስት ሰዎች ነበርን፤ ከሷ በኋላ ሁለት ሆንን። ምንጣፍ ጠርዝ ላይ ተሰንቅራ ስትንጫጫ የማነሣት እኔ ነኝ። ባነሣኋት ቁጥር ቀጣዩ እኔ እሆን እላለሁ። ስለ ዘመናዊ ዕቃ ብዙ ባወቅኩ ቁጥር ከዕቃው ወገን የምቆጠር፣ ትርፍ ነው ከሚባለው የምድን ይመስለኝ ነበር። እሑድ እሑድ አፌን ሞልቼ የማወራው ለዚህ ነው። ፈርቼ ነው።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ልምጣ። ትሮስተሩድ በምኖርበት ሕንፃ፣ ከእኔ ቤት ሥር ባለው ቤት፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት ሴት አሉ። «እትዬ» እላቸዋለሁ። ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕፃናት ማለት ነው፣ ኩሽና ውስጥ ለሕፃናቱ ምሳ ያሰናዳሉ። ወደዚህ አገር የመጡት ከካርቱም በስደተኞች ኮታ ነው። የጉዞው ፈቃድ ከመድረሱ ከአራት ወር በፊት፣ ያኔ ዐሥራ አምስት ዓመት የሆነው አንድ ልጃቸው ከጓደኞቹ ጋር ተነሥቶ ወደ ሊቢያ ሄደ። እናትየው ፈቃዱ ሲመጣ ሄዱም ቀሩም ያው ሆነባቸውና፣ ከዚያም ሆኖ ያገኘኛል ብለው ኦስሎ ገቡ።

ልጁ ከሊቢያ አንድ ጊዜ በድምፅ መልእክት ላከ። እኔም ሰምቼዋለሁ፤ እሳቸው ያላሰሙት ሐበሻ በሠፈራችን የለም። ቀጭን፣ የልጅ ድምፅ ነው። ደኅና ነኝ፣ ስልኬን ወስደውብኛል፣ በሰው ስልክ ነው፣ ይላል። ከዚያ፦ «እማዬ ይቺን መስመር እንዳትዘጊያት። በቃሌ የያዝኩት እሷን ብቻ ነው።» ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ።

መስመር የሚለው ስልክ ቁጥሩን አይደለም። ካርቱም ሳሉ የተከፈተ፣ በስም የሚፈለግ፣ በኢንተርኔት የሚደወልበት የመልእክት አካውንት ነው። የሱዳኑ ሲም ካርድ ከሞተ ቆይቷል። አካውንቱ ግን እትዬ ከካርቱም ይዘዋት በመጡት ርካሽ የቻይና ስልክ ላይ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ስልኳ መስታወቷ ተሰነጣጥቋል፤ ባትሪዋ አብጦ ጀርባዋን ገፍቶታል፤ በላስቲክ ታስራለች። እትዬ ባርነሃገ ውስጥ ድንች ሲልጡ እንኳ ከጎናቸው ቻርጅ ላይ ትውላለች።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አላወቅኩም ብል ይቀለኝ ነበር።

አንድ እሑድ ሹፌሩ እትዬን ከነስልካቸው አያቸውና ወደ እኔ ዞረ። «ይኸው እንግዲህ» አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «በአንድ ደረጃ የምትወጡ የምትወርዱ ጎረቤትህን እንኳ አላሳመንካቸውም። በላስቲክ የታሰረ ስልክ ይዘዋል። አንተ ለማን ነው የምትሰብከው?»

ተሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ጆሮዬ ግን ጋለ። «በዚህ ሳምንት የአሜሪካኑን ስልክ ይዘው ካላየሃቸው ከዚህ ጥግ አትቆጥረኝ» አልኩ። አዲስ ከገዛሁ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበርና የድሮዬ ስልክ ቤት ተቀምጧል። እሱን ልሰጣቸው አሰብኩ። ደግሞም የቄሱ ባለቤት ረቡዕ ወደ አዲስ አበባ ትበራለች። እዚህ ያለን ሰዎች ስልክ አንጥልም፤ ሰው ሲሄድ በሻንጣው እናስይዘዋለን። እዚያ ያለችው የእትዬ የእህት ልጅ ደግሞ ከተገኘ ማንኛውም ስልክ ይበቃኛል ብላ ከለመነች ቆይታለች። ባትሪ እዚያ ታስቀይራለች። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ የተሟላ መሰለኝ።

ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ የድሮዬን ስልክ ይዤ በቀጥታ እሳቸው ቤት ገባሁ። እሳቸው ስልኩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው አገላበጡትና መጀመሪያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

«መስመሯ አትጠፋም?»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ሁሉን ነገር ራሱ ነው ጎትቶ የሚያመጣው።»

«የልጄን ነው የምልህ።»

«ያ፣ ያ፣ አዎ ገባኝ። እሱም ይመጣል። ይመኑኝ።»

ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አስቀምጬ ማስተላለፉን ጀመርኩ። ፎቶው መጣ። የሰው ስም ዝርዝር መጣ። እትዬ ሻይ አቀረቡልኝ፤ በዚያ መሐል የመልእክቱ ምልክት በአዲሱ ስልካቸው ፊት ላይ ብቅ አለ። ምልክቱን አየሁትና በቃ አለቀ አልኩ። ነክቼ ከፍቼ አላየሁትም። አንድ ጊዜ በጣቴ መንካት ነበር የቀረኝ።

ከዚያ አሮጌዋን አነሣሁ። አገር ቤት የሚላክ ስልክ ጸድቶ ነው የሚላከው፤ የሰው ፎቶና ገመና ይዞ አይሄድም። እኔ ደግሞ ሥራዬ ማጽዳት ነው፣ በዚህ አልታማም። ወደ ቅንብሩ ገብቼ ሁሉንም አጥፋ አልኳት። «እርግጠኛ ነህ?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ደግማ ጠየቀችኝ። ደግሜ አዎ አልኳት። ጠፍታ በራች፤ ስትበራ ከፋብሪካ እንደወጣች ባዶ ነበረች። መስታወቷንም በአልኮል ወለወልኩላት።

እትዬ አዲሱን ስልክ ዘርግተው «በል የልጄን ድምፅ ክፈትልኝ» አሉ።

ምልክቱን ነካሁት። የይለፍ ቃል ጠየቀኝ።

«እትዬ፣ የይለፍ ቃሉ ምንድን ነው?»

«የምን ቃል?»

ስልኳ ከካርቱም ጀምሮ ጠይቃቸው አታውቅም። ክፍት ሆና ነው የኖረችው። «ረስቻለሁ» የሚለውን ነካሁ፤ ለሱዳኑ ቁጥር ኮድ ልላክ አለኝ። የሞተው ቁጥር ነው። ሌላ መንገድ ብዬ ስነካ አንድ ጥያቄ ብቻ አመጣ፦ አካውንቱ ሲከፈት የተሞላው የልደት ቀን።

እትዬ ፊቴን እያዩ ነው። ማንበብ አይችሉም፤ ፊት ማንበብ ግን ይችላሉ። «ጠፋች?» አሉ።

«ናይ፣ ናይ፣ አልጠፋችም። ትንሽ ነገር ነው» አልኩ።

የልደት ቀን ነገር በእኛ ዘንድ ጉድ ነው። በስደተኛነት ተመዝግበን የመጣን ሰዎች፣ ቀናችን በትክክል ስላልታወቀ፣ ወረቀታችን ላይ ብዙዎቻችን የተወለድነው በፈረንጆች ዓመት መጀመሪያ ቀን ነው። አዳራሹ ውስጥ ካሉት ግማሾቹ በአንድ ቀን ተወልደዋል። የኔም፣ የእትዬም ያው ነው። እኔ ከወረቀታቸው ላይ አይቼ ያንን ሞላሁ። ስሕተት ነው አለኝ፤ ነገ ሞክር አለኝ።

በማግሥቱ እትዬን እውነተኛ ልደታቸውን ጠየቅኳቸው። በፍልሰታ ጾም እንደተወለዱ ብቻ ያውቃሉ። ዓመቱን አብረን ገመትን፤ ቀኑን ከጾሙ መሐል አንዱን አነሣሁና ወደ ፈረንጅ አዙሬ ሞላሁ። ስሕተት ነው፤ ሰባት ቀን ጠብቅ አለኝ። የቄሱ ባለቤት በዚያው ቀን ሄደች። ስልኳን እናስቀራት አልኩ። ምንም እንደማትጠቅም ባውቅም፣ ከእጃችን ስትወጣ የባሰ ሆነብኝ። እትዬ ግን «ቃል ገብቼላታለሁ፤ ትሂድ» አሉ።

ያቺን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኳት አላውቅም። ከሥራ ስወጣ ሴንትሩም ውስጥ ያሉትን የስልክ ሱቆች ሁሉ አዳረስኩ። ሻጮቹ ወጣቶች ናቸው፤ ትሑቶች ናቸው፤ ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም፣ የመልእክት ኩባንያውን ጠይቅ ይሉኛል። የመልእክት ኩባንያው ኩንደሰርቪስ፣ የደንበኞች አገልግሎቱ፣ ደግሞ የሚደወልበት ቁጥር የለውም፤ ቅጽ ብቻ ነው ያለው። ቅጹን በእንግሊዝኛ ሞላሁ። አንዲት እናት፣ የጠፋ ልጅ፣ ሊቢያ፣ ብዬ ጻፍኩ። ስለ ደኅንነትዎ እንጠነቀቃለን የሚል መልስ መጣ። ደግሜ ጻፍኩ። ያው መልስ ከነነጠላ ሰረዙ መጣ። እኔ እሑድ እሑድ በስማቸው የምምልላቸው ኩባንያዎች፣ የትኛውም ይሁን የትኛው፣ ውስጣቸው ሰው መኖሩን ያን ሳምንት ተጠራጠርኩ። ሮቦቷ እንኳ ስትሰነቀር ትጮኻለች።

ሰባቱ ቀን ሲያልቅ እትዬን ሳልጠራ ብቻዬን ሞከርኩ። ይህንንም ልናዘዝ። ኑ ብዬ ዓይናቸው እያየኝ መሳሳቱን ፈራሁ። የካርቱሙ ወረቀታቸው ላይ ዓመቱ በአንድ ይለያል ብለውኝ ስለነበር፣ ያንኑ የዓመት መጀመሪያ ቀን ዓመቱን ቀይሬ ሞላሁ። ስሕተት ነው አለ። ዐሥራ አራት ቀን ጠብቅ አለ። ከሥሩ በቀይ፣ የሚቀርህ ሙከራ አንድ ነው፣ ከዚያ አካውንቱ ለዘለቄታው ይዘጋል የሚል ተጻፈ።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ። የአርባ ሁለት ዓመት ሰው ነኝ። እግዚአብሔር ሆይ፣ እጄን ቁረጠው ብዬ ለመንኩ። የእውነቴን ነበር።

ለእትዬ ስነግራቸው አልጮኹም። ቢጮኹብኝ በወደድኩ። ቁጭ አሉ፤ መሃረባቸውን አጣጠፉ፤ ፈትተው ደግሞ አጣጠፉት። «ይሄኔ እየደወለ ይሆናል» ብቻ አሉ። ከዚያ በኋላ ከሥራ ስገባ ደረጃው ላይ ቆመው አገኛቸዋለሁ። ምንም አይጠይቁኝም። እኔም ቀና ብዬ አላያቸውም። በራቸው እስኪዘጋ ድረስ ምድር ቤት ቆሜ የጠበቅኩባቸው ቀናት ነበሩ።

ሁለት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቀረሁ። በሁለተኛው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሹፌሩ በሬን አንኳኳ። ወሬውን ሰምቷል። ሊያላግጥብኝ የመጣ መስሎኝ ነበር፤ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀመጠና «በኔ ነው ያደረግከው» አለ። «እኔ ነኝ የነካካሁህ።»

«እኔው ነኝ» አልኩት።

ከዚያ ስልኩን ሳያወጣ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ እኔ በሦስት ሳምንት ውስጥ ያልጠየቅኩትን አንድ ነገር ጠየቀኝ። «አካውንቱን የከፈተላቸው ማን ነው?»

እትዬ ማንበብ አይችሉም። የልደት ቀን ሞልተው አካውንት ሊከፍቱ አይችሉም። ይህን እያወቅኩ የእሳቸውን ልደት ስፈልግ ነበር የሰነበትኩት። ሁለታችንም ተነሥተን ወደ ታች ወረድን።

«ልጄ ነዋ የከፈተልኝ» አሉ፣ እንደዚያ ብለን ስንጠይቃቸው። «ዐሥር ዓመቱ ነበር። ካርቱም፣ በራችን ላይ ተቀምጦ። ማን ሊከፍትልኝ ኖሯል?»

«የእሱ ልደት መቼ ነው እትዬ?»

የልጃቸውን ልደት ቀን ከሄደ ወዲህ በአፋቸው አንሥተው እንደማያውቁ ነገሩን፤ ያ ቀን ሲደርስ ሥራ ቦታ አመመኝ ብለው ቤት ይውላሉ። «ኅዳር ሚካኤል» አሉ በመጨረሻ። ዓመቱንም ነገሩን። እሱን አልተጠራጠሩም።

የቀሩትን ቀናት ጠበቅን። ቀኑ ሲደርስ ሦስታችን የእትዬ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ረቡዕ ነበር፤ ሹፌሩ ፈረቃውን ጨርሶ ከነዩኒፎርሙ መጣ። እኔ ኅዳር ዐሥራ ሁለትን ወደ ፈረንጅ መልሼ፣ ዓመቱንም ቀይሬ፣ በወረቀት ጽፌ ይዣለሁ። ሦስት ጊዜ አስልቼዋለሁ። ሹፌሩም አስልቶ ያው መጥቶለታል። ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማማን።

ጣቴን ወደ ስልኩ ስሰድ እትዬ እጄን ያዙኝ።

«ምንድን ነው የምትጽፈው?»

«የልጅዎን ልደት።»

«ኅዳር ሚካኤልን?»

«አዎ፣ በፈረንጅ አድርጌ።»

«ልጄ የፈረንጅ ቀን አያውቅም» አሉ። «የሱዳን ትምህርት ቤት አልገባም። እኔ የነገርኩትን ነው የሚያውቀው። እኔ ደግሞ የነገርኩት ኅዳር ዐሥራ ሁለት ነው።»

ሹፌሩን አየሁት። አየኝ። የዐሥር ዓመት ልጅ፣ ቀኑን ዐሥራ ሁለት፣ ኅዳርን ከመስከረም ቆጥሮ ሦስተኛ ወር፣ ዓመቱን እናቱ እንደነገሩት። እንደዚያ ከተጻፈ አካውንቱ ውስጥ ያለው ልጅ ከዕድሜው ስምንት ዓመት ገደማ ይበልጣል፤ ለዚህም ይሆናል ኩባንያው ሕፃን ነህ ብሎ ያልመለሰው። አለዚያ ደግሞ እናትየው ተሳስተዋል፣ የካርቱም ጎረቤት አዙሮለት ይሆናል፣ እና ሁሉ ነገር አሁን ያበቃል። የወረቀቴ ስሌት ትክክል ነው፤ ትክክል መሆኑ ግን ምንም አይረዳኝም። ከሦስት ሳምንት በፊት ቢሆን እኔ አውቃለሁ እላቸው ነበር።

«እርስዎ ይወስኑ» አልኳቸው።

«እንዳልኩህ ጻፍ» አሉ።

ጻፍኩ። ሦስትን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ጻፍኩት። ሹፌሩ ሲያማትብ በዓይኔ ጠርዝ አየሁት።

ተከፈተ።

የድሮው የልጁ ድምፅ ከታች አለ። ከላይ ደግሞ፣ ፎቶ ከሌለው ከማናውቀው አካውንት፣ ያልተነሡ አራት ጥሪዎች አሉ። ከጥሪዎቹ ሥር አንድ የድምፅ መልእክት። ቀኑን አየሁ። ስልኳን ካጸዳሁ በዘጠነኛው ቀን ነው።

እትዬ ቁጥሩን አያነቡም፤ ግን የድምፁን ምልክት ያውቁታል። እኔ ሳልነካው እሳቸው ነኩት።

ግርግር አለበት፤ ብረት የሚመታ ሰው አለ። ከዚያ ጎርናና የወንድ ድምፅ፦ «እማዬ። እማዬ፣ እኔ ነኝ። አራት ጊዜ ደወልኩ።» ብረቱ አንድ ሁለቴ ይመታል። «ዘጋሽው? እሺ። እሺ በቃ።» በዚያ አለቀ።

ወዲያው መልሰን ደወልን። ብዙ ከጠራ በኋላ አንድ ሰው በዐረብኛ አነሣው፤ እትዬ አነጋገሩት። ስልኩ የሰውየው ነው። ልጁ አብሮት ሲሚንቶ ይሸከም ነበር፤ ለአንድ ጊዜ ለምኖት ነው ያዋሰው። ከዚያ በነጋታው ሠራተኞቹን በመኪና ጭነው ወሰዷቸው፤ ወዴት እንደሆነ አያውቅም። እትዬ «ወደ ባሕር ነው?» ብለው ጠየቁት። አያውቅም። «ከስቷል?» ብለው ጠየቁት። ሰውየው የመለሰላቸውን እኔ አልሰማሁም። ካገኘኸው መስመሯ ክፍት ነች በለው ብለው ሦስት ጊዜ ነገሩት። ዘጉና ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

ተንበርክኬ እግራቸውን ልይዝ ነበር። ይቅርታ ለማለት አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው በርቷል፤ እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም።

«ሰማኸው?» አሉኝ። «ድምፁ ጎርንኗል እኮ። ሰው ሆኗል ልጄ።»

ይህ ከሆነ አምስት ወር አለፈው። ድጋሚ አልደወለም። እሑድ ወደ አዳራሹ ተመልሻለሁ፤ ከሹፌሩ ጋር ጎን ለጎን እንቀመጣለን፣ አዲስ ስልክ ወጣ ሲባል ሻያችንን እንጠጣለን። እትዬ የድሮዬን የአሜሪካኑን ስልክ ይዘዋል፤ ድምፁ ከድሮዋ ስልክ ይልቅ ጥርት ብሎ ይሰማል ብለው በየቀኑ ይመርቁኛል። እኔም ድምፁ ጥሩ እንደሆነ ለሰው ሁሉ ስናገር ነበር የኖርኩት።

የእሳቸው ቤት ጣሪያ የኔ ቤት ወለል ነው። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ እሳቸውም ገብተው ስልኩን ይከፍቱታል። እሳቸው የሚሰሙት እማዬ የሚለውን ነው። እኔ ጋ የሚደርሰው ግን ሌላው ነው፤ በየቀኑ ከወለሉ ሥር፣ ጎርናናው ድምፅ፣ ዘጋሽው ብሎ ይጠይቃል።